ጥርሱን ያስያዘው ዘበኛ

መርከብ ሲታሰር ካቴና አይገባለትም፤ የሚታሰረው በወረቀት ነው። የፍርድ ቤቷ አስፈጻሚ ሚስ ቴዮ ከሲንጋፖር ወደብ በትንሽ ጀልባ ተነስታ፣ መርከቦቹ መልሕቅ ጥለው ከሚቆሙበት ከምሥራቁ ባሕር ትደርሳለች። በገመዱ መሰላል ተንጠላጥላ ትወጣለች፣ መሪው ካለበት ክፍል መስታወት ላይ ወረቀቷን በፕላስተር ትለጥፋለች፣ ፎቶ ታነሳዋለች፣ ካፒቴኑን አስፈርማ ትወርዳለች። በቃ፣ ይኸው ነው። ዘጠና ሜትር የሚረዝም ብረት ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ንቅንቅ አይልም። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ያለው ሰው መቼም ባሕር ሳያይ አልቀረም።

ዳህሊያ የምትባለው አሮጌ የጭነት መርከብ የታሰረችው ነዳጅ ጠጥታ ባለመክፈሏ ነበር። ያዘዘው ባለቤቷ ነው፣ ያልከፈለውም እሱ ነው፤ ሕጉ ግን ሰውየውን ከየት ያምጣው? ስለዚህ የጠጣችውን ይዞ «ጌታሽ እስኪመጣ እዚሁ ቆዪ» አላት። ጌታዋ አልመጣም። ሦስት አገር ያስመዘገበው ሦስት ኩባንያ አለው፣ ስልክ የሚሰማ ጆሮ ግን አንድም የለው። አሥራ አንዱ መርከበኞች ከሷ ጋር ተይዘው ስምንተኛ ወራቸውን ጀመሩ። ወረቀቱ ላይ ስማቸው የለም፤ ደመወዛቸውን ሳያገኙ ትተዋት ለመሄድ ሆዳቸው አልቻለም፣ ወደ ከተማ መውጫ ፈቃድም የሚያወጣላቸው ጠፋ።

ወረቀት ደግሞ ብቻውን አይጠብቅም። መልሕቁን ነቅሎ የሾለከ መርከብ ታይቶ ያውቃል። ስለዚህ ፍርድ ቤቱ ዘበኛ ያስቀምጣል፤ ዳህሊያ ላይ በተራው የወጣው ጁማሪ ነበር። ጁማሪ ስድሳ ሁለት ዓመቱ ነው። ዕድሜውን ሙሉ ጀልባ ሲነዳ ኖሮ ጡረታ ወጣ፣ ቤት መቀመጥ አልሆንለት ሲል፣ ይልቁንም ሚስቱ ካምሲያ እሱ ቤት መቀመጡ አልሆንላት ሲል፣ የዘበኛ ዩኒፎርም ለበሰ። ሥራው ሁለት ሳምንት መርከብ ላይ ማደር ነው። ጠዋትና ማታ ወረቀቱ አለመገንጠሉን፣ መልሕቁም አለመነቀሉን አይቶ መዝገብ ላይ «አለ» ብሎ ይጽፋል። ሌላው ጊዜ የራሱ ነው።

የራሱ ጊዜ ግን ስጋት የሞላበት ነበር። ተራው በሚያልቅበት ቅዳሜ፣ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ፣ ትንሿ ልጁ ሱሪያቲ ፋድሊ የሚባል ወጣት ታገባለች። በኒካሁ ላይ አባት የልጁን ስምና መህሩን፣ ማለትም ጥሎሹን፣ ጠርቶ ለሙሽራው አንዲት ዓረፍተ ነገር ይናገራል፣ ሙሽራው በአንድ ትንፋሽ ይመልሳል፣ ምስክሮቹ «ጸንቷል» ይላሉ፣ አለቀ። ብዙ አባት ሥራውን ለቃዲው ይሰጥና ይገላገላል። ጁማሪ የዛሬ ስድስት ዓመት ለትልቋ ልጁ ራሴ እናገራለሁ ብሎ ተቀመጠ፤ ስሟ ላይ ሲደርስ ጉሮሮው ተዘጋ፣ እንባው ወረደ፣ ቃዲው ቃሉን ከአፉ ነጥቆ ጨረሰለት። ከዚያ ወዲህ የሰፈሩ ሰው በገበያ ሲያገኘው «ጁማሪ፣ ዓረፍተ ነገሩን ጨረስካት?» ይለዋል። የቀረችው አንዲት ልጅ ናት፣ የቀረውም ዕድል አንድ ነው። ይህን ቢያበላሽ ሬሳው እስኪወጣ ድረስ እንደሚስቁበት ያውቃል።

ስለዚህ ይለማመድ ነበር። መልሕቁን ሲያይ ለመልሕቁ ይናገራል፣ ወረቀቱን ሲያይ ለወረቀቱ። ሰው ሠራሽ ጥርሱ፣ ላይም ታችም፣ ሲቸኩል ቅጭ ቅጭ ስለሚል ቀስ ብሎ መናገርን ተማረ። ረቡዕ ዕለት ከምሳ በኋላ፣ ለመመገቢያው ክፍል ግድግዳ ልጁን ሊድርለት ሲል፣ የመርከቡ ወጥ ሠሪ ቶሂር አየው። ቶሂር የማዱራ ደሴት ሰው ነው፤ ቀጭን፣ ዝምተኛ፣ ከሰርዲን ቆርቆሮና ከሽንኩርት ሰባት ዓይነት ወጥ የሚያወጣ። ፍርድ ቤቱ የሚልከው ሩዝ፣ ሰርዲንና ሽንኩርት ነውና ሌላ ምን ያውጣ።

«ፓክ፣ ግድግዳ መልስ አይሰጥም» አለው፤ ፓክ በእነሱ አገር ታላቅ ሰው የሚከበርበት መጠሪያ ነው። «ለኔ ይናገሩ፣ እኔ እመልሳለሁ።»

ተቀመጡ። እንደ ወጉ እግራቸውን አጣጥፈው እጅ ለእጅ ተያያዙ። ከጎናቸው ሳኑሲ የሚባለው መርከበኛና የሞተሩ ሰው ሰርዲናቸውን ይበላሉ። ጁማሪ ጉሮሮውን ጠረገና «ፋድሊ የማስዱኪ ልጅ፣ ልጄን ሱሪያቲን በተስማማነው መህር ድሬልሃለሁ» አለ፤ ስሟ ላይ ድምፁ አልተሰበረም። ቶሂርም በአንድ ትንፋሽ «ኒካሗን በተባለው መህር ተቀብያለሁ» አለ። ሁለቱ በላተኞች አፋቸው እንደሞላ፣ በልማድ፣ «ጸንቷል» አሉ። አራቱም ሳቁ። ጁማሪ በደስታ የቶሂርን ትከሻ መታ መታ አደረገው።

ከዚያ ሳኑሲ ማኘኩን አቆመ። ሳኑሲ ሃይማኖተኛ ነው፤ ያነበበውን ሁሉ አይረሳም፣ የረሳውንም አነበብኩ ይላል።

«ፓክ፣ በኒካህና በፍች ቀልድ የለም» አለ። «በቀልድ የተባለው እንደ እውነት ይቆጠራል። አባት አለ፣ ወንድ አለ፣ መህር ተጠርቷል፣ ሁለት ምስክር አለን። እኔ ነኝ ራሴ ጸንቷል ያልኩት።»

ጁማሪ ሊስቅ አፉን ከፈተና እንደከፈተ ቀረ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ማለት ይኸው ነው። ለሦስት ቀን ልጁን ሊድር ሲለማመድ፣ ለታሰረ መርከብ ወጥ ሠሪ ድሮ አረፈው። ቃዲውን በስልክ ልጠይቅ አለና ተወው፤ የቃዲው ሚስትና ካምሲያ በየቀኑ አብረው ነው ገበያ የሚወጡት፣ ወሬው ከስልኩ ቀድሞ ቤት ይገባል። የቀረው መንገድ አንድ ነው፤ ቶሂር «ፈትቻታለሁ» ይበልና ይለቅ። አብረው ስላልኖሩ መቆያ ጊዜ እንኳ እንደማያስፈልግ ሳኑሲ አረጋገጠለት። ቶሂር ግን ድስቱን እያማሰለ፣ ነገሩን አስብበታለሁ አለ።

ሐሙስ ጠዋት ጁማሪ የክፍሉን በር ሲከፍት ወረቀት ተለጥፎበት አገኘ። አራቱም ማዕዘን ላይ ፕላስተር፣ ልክ እንደ ሚስ ቴዮ። በጥሩ እጅ ጽሑፍ እንዲህ ይላል፦

«በዳህሊያ ወጥ ቤት ችሎት። ከሳሾች፦ አሥራ አንድ ሰርዲን የሰለቻቸው ሰዎች። ተከሳሽ፦ የዘበኞች ተስፋ። ይህ ጋብቻ በቂ ዋስትና እስኪቀርብ ታግዷል። ያለ ወጥ ቤቱ ፈቃድ ወደ የትም አይንቀሳቀስም።»

ከታች ማኅተም በሚሆንበት ቦታ የወጥ ጠብታ አለ።

ጁማሪ ወረቀቱን ገንጥሎ እየሮጠ ወጥ ቤት ገባ። ቶሂር ሽንኩርት እየከተፈ ነገሩን አስረዳው። ከጁማሪ በፊት ከወጡት ዘበኞች ሁለቱ ቃል ገብተው ነበር። የመጀመሪያው ሲወርድ ዱሪያን የሚባለውን ሽታው ኃይለኛ ፍሬ አመጣላችኋለሁ ብሎ ማለ፤ አሥራ አንዱ ሰዎች ሁለት ሳምንት ሙሉ በነፋሱ ውስጥ የዱሪያን ሽታ ሲፈልጉ ከረሙ። ሁለተኛው በእንጨት የተሰካ ጥብስ አመጣለሁ አለ፤ እሱም ወረደ፣ እሱም ቀረ። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ። አሁን ደግሞ ፓክ ጁማሪ ቅዳሜ ወርዶ ልጁን ይድራል፤ ሬንዳንግ ይበስላል፣ ሥጋው በኮኮነት ወተት ቀኑን ሙሉ ሲንተከተክ ይውላል። ከሳሾቹ የሚጠይቁት ከዚያ ድግስ ለአሥራ አንድ ሰው የሚሆን ድርሻ፣ እዚሁ መርከብ ላይ፣ በዚያው ዕለት ነው።

«እኔ ምን በደልኩህ?» አለ ጁማሪ። «የዋሹህ እነሱ።»

«መርከቢቱስ ምን በደለች ፓክ? የበላው ባለቤቷ ነው፣ የታሰረችው እሷ ናት።»

«ቃሌን እሰጥሃለሁ። የተናገሩት ከሚጠፋ የወለዱት ይጥፋ ነው የኔ ደንብ።»

«የወለዷትማ እኔው ጋ ናት» አለ ቶሂር። «ሌላ መያዣ ካለዎት ያቅርቡ።»

ጁማሪ ተናደደ፣ ለመነ፣ ካፒቴኑ ዘንድ ሄዶ አቤት አለ። ካፒቴኑ መርከቤ ራሷ በእኔ ሥልጣን ሥር የለችም፣ ወጥ ቤቱን እንዴት ልዘዘው ብሎ ሸኘው። ተመልሶ ሲደራደር ስልኩን ሊያስይዝ አሰበ፤ ካምሲያ ደውላ ካጣችው ጠላቂ ዋናተኛ ትልካለች። ቦርሳው ባዶ ነው። ሰዓቱ የቆመ ነው። ቶሂር ደግሞ የሚፈልገው ውድ ነገር አልነበረም፤ ሰው ሳያስመልሰው የማያድርበት ነገር ነው እንጂ። ይህን እያለ ዓይኑ ጁማሪ ከምሳ በኋላ ጥርሱን አውልቆ የሚያስቀምጥበት ብርጭቆ ላይ አረፈ። ጁማሪም የሰውየውን ዓይን ተከትሎ ብርጭቆውን አየ፤ እጁ ሳያስበው አፉን ሸፈነ።

ቅዳሜ ጠዋት ተተኪው ዘበኛ ሰልቫም በጀልባ ሲመጣ፣ ጁማሪ አዲስ ልብሱን ለብሶ መሰላሉ ራስጌ ቆሞ ነበር። ጥርሱ ታጥቦ በተለቀለቀ የሰርዲን ቆርቆሮ ውስጥ ገብቷል፣ ቆርቆሮው ቶሂር እጅ ነው። ቶሂር በሳኑሲና በሞተሩ ሰው ፊት «ፈትቻታለሁ» አለ። ከዚያ የበሩን ወረቀት ተቀብሎ «መያዣ ቀርቧል፣ እግዱ ተነስቷል» ብሎ ጻፈበትና ለጁማሪ መለሰለት። ጁማሪ ሊረግም ፈለገ፤ ያለ ጥርስ የሚወጣው እርግማን ለራሱም አላረካውምና መሰላሉን ይዞ ወረደ።

ድግሱ ቤዶክ በተባለው ሰፈር፣ እነ ጁማሪ ከሚኖሩበት ፎቅ ሥር ባለው ባዶ አዳራሽ ነበር። መጋረጃው ተሰቅሏል፣ ድስቶቹ ተደርድረዋል፣ ሽታው አውራ ጎዳናው ድረስ ወጥቷል። ካምሲያ ባሏን ከሩቅ አይታ ፈገግ አለች፣ ሲቀርብ ፈገግታዋ ጠፋ።

«አባንግ፣ ጥርስህ የት አለ?» አለችው፤ አባንግ የምትለው ባሏን በአክብሮት ስትጠራ ነው።

«መርከብ ላይ።»

«ረሳኸው?»

«ታስሯል» አለ ጁማሪ።

«ዛሬ የልጃችን ቀን ነው» አለች ካምሲያ። «ዛሬ አልገድልህም።»

ግን ሌላ ነገር ከጥርሱ ይበልጥ ያሳስበው ነበር። የቶሂር ፍች በቂ ይሁን አይሁን አያውቅም፤ ልጁን በጥርጣሬ ሊድር አልፈለገም። ስለዚህ ሽማግሌውን ቃዲ ወደ ጥግ ወሰደውና ከግድግዳው እስከ ቆርቆሮው ያለውን ሁሉ በሹክሹክታ ተናዘዘ። ቃዲው ብዕሩን እንደያዘ አዳመጠ። ሲያበቃ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቀው። ስትናገር የማንን ስም ጠራህ?

«የፋድሊን» አለ ጁማሪ።

«የተቀበለህስ?»

«ቶሂር።»

«ታዲያ ያልተዳረለትን ሰው ኒካህ እንዴት ይቀበላል?» አለ ቃዲው። «ምንም አልታሰረም ጁማሪ። የመድረሳ ልጅ እንኳ ይህን ያውቃል።» ከዚያ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ፤ ትከሻው ሲንቀጠቀጥ ያየ ሰው እያለቀሰ ይመስለዋል።

ጁማሪ ያን ጊዜ ሚስ ቴዮ አንድ ቀን ያጫወተችው ትዝ አለው። በማዕበል አርባ ደረጃ መሰላል ወጥታ ወረቀቱን ስታወጣ፣ የተጻፈው የእህት መርከቧ ስም ሆኖ አገኘችው፤ የሌላ ስም የያዘ ወረቀት ምንም አይዝምና አርባውን ደረጃ መልሳ ወረደች። ጁማሪ ያን ዕለት በሷ ከልቡ ስቆ ነበር። ለካ እሱም በማይሠራ እግድ ተይዞ፣ የማያስፈልግ ዋስትና ከፍሎ፣ ድዱን ይዞ ልጁን ሊድር መጥቷል።

ተቀመጡ። ፋድሊ የጁማሪን እጅ ያዘ። ሰፈሩ ሁሉ አንገቱን አስግጓል። ጁማሪ ቃላቱ በድዱ መካከል እንዳያመልጡበት እየተጨነቀ፣ እያንዳንዷን ቃል እንደ እንቁላል ቀስ ብሎ እያወጣ፣ ሳያውቀው ስሟን አልፎ መጨረሻው ደረሰ። ማልቀሱን ረስቶት ነበር። ቃዲው ምስክሮቹ በደንብ ይስሙ ብሎ አስደገመው፤ ደገመው። ፋድሊ በአንድ ትንፋሽ መለሰ። «ጸንቷል» ሲባል ነው እንባው የመጣው፣ እሱም ያን ጊዜ ማንንም አላስቸገረም።

ምግቡ ቀረበ። ሬንዳንጉ ጥቁር ቡኒ ሆኖ፣ ቅባቱ ከላይ ቆሞ ከፊቱ ተቀመጠ። ጁማሪ አንዲት ቁራጭ አፉ ውስጥ ከተተ፣ ከአንዱ ጉንጭ ወደ ሌላው አዘዋወራት፣ ሳያኝክ አወጣት። ዙሪያውን ሰው እየበላ እየሳቀ ነው። ትልቁ አማቹ ነገሩን ሰምቶ አጽናናው፤ ቃዲው ከንቱ ነው ካለ ከንቱ ነው፣ ሰልቫም ተራው አልቆ ሲወርድ ጥርሱን ኪሱ ከቶ ያመጣልሃል፣ ዕዳ የለብህም አለው። እውነቱን ነው፣ ዕዳ የለበትም። ጁማሪ ሳህኑን ትክ ብሎ አየ። ከፊትህ ድግስ ተደርድሮ መብላት አለመቻል እንዴት ያለ ነገር እንደሆነ ካወቀ ገና ግማሽ ሰዓቱ ነው። ተነስቶ ድስት መፈለግ ጀመረ።

ካምሲያ ትንሽ ድስት ይዞ አገኘችው። ስንት ሰዎች ናቸው ብላ ጠየቀችው፤ አሥራ አንድ አላት። ስንት ወር ሆናቸው አለች፤ ስምንት። ትንሹን ድስት ከእጁ ተቀብላ መለሰችና፣ ከእናቷ የወረሰችውን፣ ለጎረቤት እንኳ የማታውሰውን ትልቁን የነሐስ ድስት እየጎተተች አመጣች።

የቀረችው ሚስ ቴዮ ነበረች። ወደ ታሰረ መርከብ ያለ ፍርድ ቤት ፈቃድ ሰው አይወጣም፣ የጁማሪ ተራ ደግሞ አልቋል። ደወለላት። ቅዳሜ መሆኑን አስታወሰችው፣ ደንቡንም አስታወሰችው። ጁማሪ ሌላ መላ ሲያጣ ወረቀቱን ከኪሱ አውጥቶ ከላይ እስከ ታች አነበበላት።

«አንክል፣ ማኅተም አለው?» አለች።

«የወጥ ጠብታ አለው።»

ከሩብ ሰዓት በኋላ ፈቃዱ በስልኩ ገባ። «ለመርከበኞች ስንቅ፦ አንድ ድስት። የሚመለስ የግል ንብረት፦ ጥርስ፣ ላይና ታች።»

ከሰዓት በኋላ አሥር ሰዓት ላይ ጀልባዋ ዳህሊያ ሥር ደረሰች። ድስቱን በገመድ ሲጎትቱት ሽታው ቀድሞት ወጥቶ ነበር። ጁማሪ ሲወጣ አሥራ አንዱም ታጥበው፣ ተላጭተው፣ ንጹሕ ሸሚዝ ለብሰው ቆመው አገኛቸው፤ ካፒቴኑም ከረባት አድርጓል። ከጠዋት ጀምሮ እንዲህ ለብሰው እንደዋሉ ሰልቫም በኋላ ነገረው። ቶሂር ቆርቆሮውን በሁለት እጁ ይዞ ቀረበ።

ጁማሪ አልተቀበለውም። «ስምህ ፋድሊ አይደለም» አለው።

ቶሂር መሬት መሬቱን አየ። «አይደለም ፓክ። አጎቴ አገር ቤት ቃዲ ነው። ያኔውኑ አውቄ ነበር።»

«ታዲያ ለምን?»

«ሁለቱ ዘበኞችም ክፉዎች አልነበሩም። ሲምሉልን ከልባቸው ነው። መሬት ሲረግጡ ግን ረሱን።» በአገጩ መስታወቱ ላይ ወደ ተለጠፈው ወረቀት አሳየ። «ባይታሰር ኖሮ ስለዚህ መርከብ ማን ያስባል? ከሱ ነው የተማርኩት።» ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ከንቱ መሆኑን መቼ እንዳወቀ ጠየቀው።

«ጠዋት፣ ከኒካሁ በፊት።»

ቶሂር ድስቱን አየ፣ መልሶ ጁማሪን አየ። ጁማሪ ቆርቆሮውን ወሰደና ጥርሱን አስገባ። አብረው ተቀመጡ፤ ጁማሪ የልጁን ሠርግ ሥጋ መጀመሪያ የጎረሰው እዚያ ነው። ሳኑሲ ሦስት ጊዜ አስጨምሮ አለቀሰ፣ በርበሬው ነው አለ። የድስቱን ቂጥ በሩዝ ጠራረጉት።

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ባለጀልባው ጡሩምባ ነፋ። ጁማሪ መሰላሉን ይዞ ሲወርድ ቶሂር ከላይ ጠራው፤ ድስቱን አጥቦ፣ አድርቆ፣ በገመድ ሊያወርድለት አሰናድቶታል።

«ፓክ፣ የሚስትዎን ድስት ረሱ።»

«አልረሳሁም» አለ ጁማሪ። «ይዘኸው ቆይ።»

ጀልባዋ ተነሳች። ካምሲያን ያለ ድስቷ ምን እንደሚላት ባያውቅም፣ በሚቀጥለው ቅዳሜ ፈቃድ ለምኖ ድስቱን ሊያስመልስ እንደሚመጣ ግን እርግጠኛ ነበር።